ክሩን ማን አስቀመጠው?

በምኖርበት አሜሪካ ተገቢውን ዝና ሳያገኙ ስለተበተኑ ባንዶች ሲወራ የሜምፊሱ ቢግ ስታር ስም ይነሣል፤ እኔ ደግሞ ያ ስም በተነሣ ቁጥር የማስበው የአዲስ አበባውን ዋልያስ ባንድን ነው።

ቢግ ስታር እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቋቋም አሌክስ ቺልተንና ክሪስ ቤል ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ጠርቶ የሚሰማው ጊታራቸውና ተደራርቦ የሚወጣው ድምፃቸው ዛሬ ፓወር ፖፕ ለሚባለው ስልት መሠረት ሆኗል። በ1972 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ሐያስያን አወደሱት፤ ሸክላው ግን ሱቅ አልደረሰም። ማከፋፈሉ የስታክስ ሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊነት ነበር፤ ስታክስ የሥርጭት ሥራውን ኮሎምቢያ ለተባለው ሌላ የሙዚቃ ኩባንያ ሲያስተላልፍ ደግሞ አልበሙ መሀል ላይ ባለቤት አጣ። ዘፈኑን ወድዶ ሊገዛ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ለወጣት ሙዚቀኛ ከዚህ የባሰ ቅስም የሚሰብር ነገር አይታየኝም፤ ሥራው ተሰምቶ ቢጠላ እንኳ ቁርጡን ባወቀ ነበር። ቤል በዚያው ዓመት መጨረሻ ባንዱን ለቀቀ፤ በ1978 በ27 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። የቀሩት በ1974 ሁለተኛውን አልበም ቢያወጡም ያው የሥርጭት ችግር ገጠመው፤ ሦስተኛውም ተቀርጾ ሳይታተም ባንዱ ተበተነ።

ዋልያስ አድማጭ ቸግሮት አያውቅም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ በአዲስ አበባ ሂልተን ያመሸ እንግዳ ወጥቶ መሄድ አይችልም፤ እነሱም እስኪነጋ ይጫወቱለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ በመጡ ጊዜ ግን ገሚሶቹ ወደ አገር ሲመለሱ ገሚሶቹ እዚሁ ቀሩ፤ ባንዱም በዚያው አበቃለት። ከቀሩት አንዱ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸው ከመኪናው አይለይም ነበር፤ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ መሣሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይለማመዱ ነበር።

የሁለቱን አገር ልዩነት አጥብቄ የምታዘበው ከመበተን በኋላ ባለው ነው። የቢግ ስታር ሦስተኛ አልበም በ1978 ሊታተም የቻለው የተቀረጸበት የቴፕ ክር ተጠብቆ ስለቆየ ነው። የእኛን ክር ግን አደራ ብሎ የተረከበ ተቋም አልነበረም፤ ያተረፈው ካሴቱን ከመደርደሪያው ያላወረደ ነጋዴ ነው። ኃይሉ በ1985 ያወጡትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 ዳግም አሳተመው። ያኔም ኃይሉ ገና ታክሲያቸውን ይነዱ ነበር።