የኖይዙ ቁጥር ከነባንድዊድዙ ይጻፍ

የሞባይል ስልክ መሞከሪያ መሣሪያ ስክሪን ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱ የሲግናሉ ኃይል የሚሞላበት ነው፤ ሌላው የኖይዙ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚረብሸው ጫጫታ። ሁለቱም ውስጥ -70 ዲቢኤም ተጽፏል እንበል። ዲቢኤም የኃይል መለኪያ ነው፤ ዲቢ ደግሞ ሁለት ኃይሎች በስንት እጥፍ እንደሚበላለጡ ይናገራል፤ 3 ዲቢ እጥፍ ገደማ ነው። አብዛኞቻችን ይህን ስናይ «እኩል ናቸው፤ ልዩነታቸው ዜሮ ዲቢ ነው» ብለን ሙከራውን እንጀምራለን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሳደርግ ነበር። ዛሬ ግን እነዚያን ሁለት እኩል ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይ እጄን እሰበስባለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ። የቤዝ ስቴሽንን (ስልኮች የሚገናኙበትን የኔትወርክ ጣቢያ) ቦታ ተክቶ ከስልኩ ጋር ይነጋገራል። ስልኩ በኬብል ይያያዛል። መሣሪያው ሲግናል ይልክለታል፤ ሆን ብሎም ኖይዝ ይቀላቅልበታል። ኖይዙ የሚወክለው ውጭ ያለውን ረብሻ ነው፤ በተለይ የጎረቤት ቤዝ ስቴሽኖችን። ጥያቄው አንድ ነው፦ በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል ስልኩ የተላከለትን አጣርቶ ይሰማል ወይስ አይሰማም? መልሱ የሚታመነው ሲግናሉና ኖይዙ በትክክል ከተመጠኑ ብቻ ነው። ሚዛኑ ከተዛባ ፍርዱም ፍርደ ገምድል ነው።

የገጠመኝ ነገር ይኸውላችሁ። አንድ አዲስ ስልክ እኛ ጋ ተሞክሮ ያለምንም ችግር አለፈ። ያው ስልክ ሌላ ላብራቶሪ ሄዶ ወደቀ። እኛ «ችግሩ የእነሱ መሣሪያ ነው» አልን። እነሱም ስለ እኛ ያንኑ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ኬብል ስንቀይር፣ ኮኔክተር ስናጠብቅ፣ ስልኩን ስናጠፋና ስናበራ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ ባልደረባዬ የኖይዝ ማመንጫውን ዝርዝር ገጽ ከፈተ። ከታች በትንንሽ ፊደል «ባንድዊድዝ 20 ሜጋኸርዝ» ይላል፤ ኖይዙ የሚበተንበት የፍሪኩዌንሲ ስፋት ማለት ነው። የእኛ ሲግናል ደግሞ 10 ሜጋኸርዝ ቻናል ላይ የሚሠራ ኤልቲኢ (4ጂ የምንለው) ነው። በእርግጥ የሚይዘው ስፋት 9 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው።

ወዲያው ገባን። የሞላነው -70 ዲቢኤም በ20ው ሜጋኸርዝ ላይ የተበተነው ኖይዝ ጠቅላላ ድምር ነው። ሲግናሉ ላይ ተደርቦ ስልኩን የሚያስቸግረው ግን 9ኙ ሜጋኸርዝ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ -73.5 ዲቢኤም ገደማ ነው። የቀረው ከሲግናሉ ግራና ቀኝ ይቀራል፤ ስልኩም በማጣሪያው ያስቀረዋል። ዜሮ ዲቢ ብለን ሪፖርት ላይ ያሰፈርነው እውነቱ 3.5 ዲቢ ነበር። ሳናውቅ ለስልኩ ስናግዝለት ነበር ማለት ነው።

ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሲግናል ዳርና ዳር አለው። ከዚህ እስከዚህ ብሎ ይጀምራል፣ ያበቃል። ኃይሉን በአንድ ቁጥር ብትናገሩ ያስኬዳል። ኖይዝ ግን እንደ ዝናብ ነው። ምን ያህል ውሃ እንደተጠራቀመ የሚወስነው የደቀናችሁት ዕቃ አፍ ስፋት ነው። «ዛሬ አምስት ሊትር ዘነበ» ቢላችሁ ሰው፣ በምን ላይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። የኖይዝም ነገር እንደዚያው ነው።

ጆን ጆንሰንና ሃሪ ናይኩዊስት በ1928 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ጥናቶች ማንኛውም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቋቋም ዕቃ) ሙቀት ስላለው ብቻ ኖይዝ እንደሚያመነጭ በሙከራም በስሌትም አሳይተዋል። በተለመደው የክፍል ሙቀት ይህ የተፈጥሮ ኖይዝ በ1 ኸርዝ ስፋት ሲለካ -174 ዲቢኤም ነው። በ15 ኪሎኸርዝ -132 ይሆናል። በ9 ሜጋኸርዝ ደግሞ -104.5። ተፈጥሮው አልተለወጠም፤ ሙቀቱም ያው ነው። የተለወጠው የደቀንነው ዕቃ ነው።

ኤልቲኢ ሲግናሉን እያንዳንዳቸው 15 ኪሎኸርዝ በሚሰፉ ሰብካሪየር በሚባሉ ቀጫጭን መስመሮች ከፋፍሎ ነው የሚልከው። በ10 ሜጋኸርዝ ቻናል ላይ 600 ናቸው። ስለዚህ የአንዱ መስመር ኃይልና የጠቅላላው ኃይል በ27.8 ዲቢ ይራራቃሉ። አንድ ሰው በመስመር -85 ዲቢኤም የሚለውን ቁጥር ጠቅላላ የሚለው ሳጥን ውስጥ ቢጽፈው፣ ስልኩ የሚደርሰው ሲግናል በዚያ ሁሉ ያህል ይደክማል። አንዳንዱ ስልክ ኔትወርኩን እንኳ ላያገኝ ይችላል። ይህ ስህተት ደግነቱ ይጮሃል። ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ የሦስት ዲቢው ስህተት ነው። ሙከራው ይሠራል፣ ግራፉ ያምራል፣ ሪፖርቱ ይፈረማል።

ሦስት ዲቢ ትንሽ ይመስላል። ግን የስልክ ሪሲቨር (ሲግናሉን የሚቀበለው ክፍል) ቀስ እያለ አይደክምም። ስህተት የሚያርመው ኮድ እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ሁሉንም ያርማል፤ ከዚያ በኋላ ገደል ነው። የሞገዱ ሁኔታ በማይለዋወጥበት ሙከራ፣ ሁሉም ብሎክ (የተላከ የመረጃ ጥቅል) ከሚያልፍበት ቦታ ሁሉም ብሎክ እስከሚወድቅበት ድረስ ያለው ርቀት አንድ ዲቢ ገደማ ነው። በ3.5 ዲቢ ማገዝ ማለት ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመውን ስልክ ሜዳ ላይ ወስዶ ማቆም ነው። ሜዳ ላይ ማን ይወድቃል?

ሌላም አለ። የኖይዙ ልክ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑ ራሱ ለውጥ ያመጣል፤ ልዩነቱ ሳይነካ። የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው 3ጂፒፒ ለኤልቲኢ ስልኮች ባወጣው መስፈርት፣ መረጃ የማንበብ ብቃት በሚፈተንባቸው ሙከራዎች የተለመደው የኖይዝ ልክ -98 ዲቢኤም በ15 ኪሎኸርዝ ነው። ቁጥሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ስልኩ የራሱ ኖይዝ አለው። የኖይዝ ፊገሩ፣ ማለትም ስልኩ በተፈጥሮው ኖይዝ ላይ የሚጨምረው፣ 9 ዲቢ ነው ብንል፣ የራሱ ኖይዝ -123 ዲቢኤም በ15 ኪሎኸርዝ ላይ ይቀመጣል። ከ-98 ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ ነው። አሁን አንድ ሰው «ደካማ ሲግናል ላይ ልየው» ብሎ ሁለቱንም በእኩል ያውርድና ኖይዙን -120 ላይ ያድርገው። ስክሪኑ አሁንም ዜሮ ዲቢ ይላል። ስልኩ ውስጥ ግን የገባው ኖይዝና የራሱ ኖይዝ ተደምረው እውነተኛው ልዩነት ወደ -1.8 ዲቢ ወርዷል። እዚህ ደግሞ ደህናውን ስልክ እየበደልነው ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የላከውን እንጂ ስልኩ ውስጥ የሚሆነውን አይደለም።

የኬብሉን ነገር በአጭሩ። ኬብል ሲግናሉንም ኖይዙንም እኩል ስለሚቀንስ በመሃላቸው ያለውን ልዩነት አይነካም። ኖይዝ ሳይጨመር የስልኩ የመስማት አቅም ብቻ ሲለካ ግን እያንዳንዱ አሥረኛ ዲቢ ይቆጠራል። በባንድ 1፣ በ10 ሜጋኸርዝ ቻናል የሚጠየቀው -97 ዲቢኤም ነው፤ ለመለኪያ ስህተት የሚፈቀደው ደግሞ 0.7 ዲቢ። 1.2 ዲቢ የሚበላ ኬብል አስገብታችሁ መሣሪያው ላይ ካልሞላችሁት ያ ምሕረት አልቋል። በኬብሉ ጫፍና በስልኩ መካከል ነጸብራቅም አለ። በሁለቱም በኩል ቪኤስደብሊውአሩ (የነጸብራቁ መለኪያ) 2 ከሆነ፣ የሚደርሰው ኃይል ወደላይም ወደታችም እስከ አንድ ዲቢ ሊዋዥቅ ይችላል። ስልኩ አጠገብ ትንሽ አቴንዌተር (ኃይል የሚቀንስ ዕቃ) ማስገባትና መጠኑን በቅናሽ መሙላት ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ኃይሉን በፓወር ሜትር ስታረጋግጡም አንዱን አጥፍታችሁ ሌላውን ለኩ። ሁለቱም በርተው ከሆነ የሚነበበው ድምር ነው። እኩል ከሆኑ 3 ዲቢ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ያንን አይቶ «ሲግናሉ በዝቷል» ብሎ የቀነሰ ሰው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ተበላሸበት።

«ይህን ሁሉ ሶፍትዌሩ ይሠራው የለ? ቴክኒሻኑ ለምን ይጨነቃል?» የሚሉኝ አሉ። ሶፍትዌሩ የተጻፈለትን ነው የሚያደርገው። የሙከራ ስክሪፕት ደግሞ ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት የሚገለበጥ ነገር ነው። ለ10 ሜጋኸርዝ የተጻፈው ለ20 ሜጋኸርዝ ይወሰድና ጠቅላላ ኃይሉ ሳይነካ ይቀራል። መስመሮቹ 1200 ሆነዋል። የእያንዳንዱ ድርሻ በ3 ዲቢ ቀንሷል። ማንም አልተሳሳተም፤ ማንም ግን አላየም።

ለዚህ ነው መሣሪያ ለሚሠሩት ኩባንያዎች አጥብቄ የምለው። የኖይዝ ሳጥኑ ባንድዊድዝ ሳይሞላ ቁጥር አይቀበል። የሲግናሉና የኖይዙ ልዩነትም በሲግናሉ ስፋት ውስጥ ተሰልቶ እዚያው ስክሪን ላይ ይታይ፤ ሦስት ገጽ ወደ ውስጥ ተደብቆ አይደለም። ሙከራ የምንሠራውም ሰዎች ኖይዙን መጀመሪያ እንተክል፣ ሲግናሉን ከእሱ አንጻር እናስቀምጥ። ስልኩ ነገ ደካማ ሲግናል ባለበት ቦታ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው እጅ ላይ ይገባል። ያ ሰው ስለ ሰብካሪየር ማወቅ የለበትም። እኛ ግን አለብን።

የዚያ ስልክ ነገር እንዴት አለቀ? የቁጥሩን ምንጭ ስንፈትሽ አንድ ሰው -98ን ወስዶ 27.8 ደምሮበት ነበር። -70.2 መጣለት፣ -70 ብሎ አጠጋጋው። ለ9 ሜጋኸርዝ ልክ ነው። የእኛ ማመንጫ ግን 20 ሜጋኸርዝ የሚዘረጋ ስለሆነ መሞላት የነበረበት -66.8 ነው። አስተካክለን እንደገና ሞከርነው፤ ስልኩ እኛም ጋ ወደቀ። ለላኩልን ሰዎች ደውለን ስህተቱ የእኛ እንደነበር ነገርናቸው። በኋላ ችግሩ ከሪሲቨሩ ሶፍትዌር ተገኘ፤ የሞገዱን ሁኔታ የሚገምተው ክፍል ላይ። ተስተካክሎ ሲመለስ ሁለቱም ላብራቶሪ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የሪፖርታችን የመጀመሪያ ገጽ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ «ኖይዝ፦ -98 ዲቢኤም በ15 ኪሎኸርዝ፤ የማመንጫው ስፋት 20 ሜጋኸርዝ፤ ጠቅላላ -66.8 ዲቢኤም፤ ሲግናሉ ጠፍቶ የተለካ።»