ትልቅ ሽጉጥ፣ ጥቂት ባሩድ

በኢላማ ተኩስ ሜዳ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ትዕይንት አለ። አንድ ሰው ሳጥኑን በጥንቃቄ ከፍቶ ሁለት ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ባለ አምስት ጎራሽ ሽጉጥ ያወጣል። በዙሪያው ያሉት ተኳሾች የያዙትን አስቀምጠው ይጠጉታል። አንዴ ይተኩሳል፤ ከጠረጴዛው ላይ አቧራ ይነሣል። ይደግማል። ከዚያም "ማን ይሞክራል?" ብሎ ለጓደኞቹ ያዞረዋል፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ጥይት ተኩሶ እየሳቀ መዳፉን ያሻል። የኢላማው ወረቀት ግን እንደ ተሰቀለ ንጹሕ ነው። የተመለከተውም የለም። ሽጉጡ ተወልውሎ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ እስከ ሌላ ጊዜም አይወጣም።

በዚህ ሰው ላይ ለመሳቅ አልደፍርም፤ ከብዙ ዓመት በፊት እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ትልቅ ካሊበር (የአፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት) ያላቸውን ተሽከርካሪ ሽጉጦች አሁንም ከልቤ እወዳለሁ። ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ ለኢላማ ተኩስ፣ ለአደንና ለስብስብ እንደ እነርሱ የሚያረካ መሣሪያ እምብዛም አላውቅም። ቅሬታዬ በእኛ በወዳጆቻቸው ላይ ነው። ፍቅራችንን በጥይቱ ጉልበት መለካት ከጀመርን ቆየን፤ ትናንት ትልቅ የተባለው ዛሬ "ለጀማሪ" ይባላል። በእኔ አስተያየት ግን ትልቅ ሽጉጥ የሚጣፍጠው ከአቅሙ በታች ሲተኮስ ነው።

የጉልበት ውድድሩ ራሱ አዲስ አይደለም። በ1847 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳሙኤል ኮልት በሻምበል ሳሙኤል ዎከር ጥያቄ የሠራው ባለ .44 ካሊበር ሽጉጥ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ዎከር የፈለገው ፈረሰኛ በኮርቻ ላይ ሆኖ የሚተኩሰውን መሣሪያ ነበር፤ ሽጉጦቹም በወገብ ሳይሆን በኮርቻው ላይ በተንጠለጠለ ማኅደር የሚያዙ ነበሩ። ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ያህል በላይ አልተሠሩም። የዘመኑ ብረት የሚጨመርበትን ባሩድ ሁልጊዜ ስለማይችለው፣ የአንዳንዶቹ ከበሮ በባለቤቱ እጅ ላይ ፈነዳ። (ጥይቶቹን የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል በዚህ ጽሑፍ ከበሮ እለዋለሁ።) በ2003 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን .500 ማግነም የተባለውን ግዙፍ ጥይት ይዞ ሲመጣ፣ ረጅም አፈሙዝ ያለው ሽጉጡ ሲመዘን ይኸው ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ሆነ። በ156 ዓመት ውስጥ ብረቱም ባሩዱም ተሻሽሏል። የሰው ክንድ ግን አልተሻሻለም።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካለው ታሪክ አብዝቼ የምወደው የኤልመር ኪትን ነው። ኪት በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት የከብት እርባታ ላይ የኖረ፣ ሰፊ ባርኔጣ የማይለየው፣ ስለ መሣሪያ እየጻፈ ስም ያተረፈ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ለ.45 ኮልት ሽጉጡ ከመጠን ያለፈ ባሩድ እየሞላ ከበሮውን አፈነዳው። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ጠበብ ወዳለው .44 ስፔሻል ወደተባለው ጥይት አዞረ። ምክንያቱ የእጅ ሥራ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው፤ በአንድ መጠን ባለው ከበሮ ላይ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ከተበሳ፣ በቀዳዳዎቹ መካከል የሚቀረው ግድግዳ ይወፍራል። ከ1920ዎቹ አንሥቶ እስከ 1950ዎቹ ድረስ የራሱን ጥይት እያቀለጠና እየሞላ፣ ፋብሪካዎቹ ከባዱን ጥይት በይፋ እንዲሠሩት ጎተጎተ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሬሚንግተን ጥይቱን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን አዘጋጁና .44 ማግነም ተወለደ። ሩገር የተባለው ሌላው የሽጉጥ ፋብሪካም በ1956 የራሱን ይዞ ደረሰ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ልብ የማይሉት አንድ ነገር አለ። የማግነሙ ቀለህ ከስፔሻሉ ቀለህ በሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የተረዘመው ባሩድ ለማብዛት አይደለም፤ ኪት የሚፈልገው ባሩድ በአጭሩ ቀለህም ገብቶ ነበር። የተረዘመው አዲሱ ኃይለኛ ጥይት በአሮጌና ደካማ ከበሮ ውስጥ እንዳይገባ ነው። በ1935 .357 ማግነም ከ.38 ስፔሻል ሲወለድም ዘዴው ይኸው ነበር። እግረ መንገዴን፣ .44 የሚባለው ጥይት በውፍረቱ .44 ኢንች አይደለም፤ .429 ወይም ወደ 10.9 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙ ጥይቱና ቀለሁ ከውጭ እኩል ውፍረት ከነበራቸው ዘመን የተወረሰ ነው። ትልቅነትን በቁጥር ለሚቆጥሩ ሰዎች ይህን መንገር ደስ ይለኛል።

ሦስቱ ሚሊ ሜትር በአንድ በኩል የተዘጋ በር ናቸው፤ በሌላ በኩል ግን በሩ ክፍት ነው። ረጅሙ ወደ አጭሩ ቤት አይገባም እንጂ አጭሩ ወደ ረጅሙ ቤት ያለ ችግር ይገባል። .44 ማግነም ሽጉጥ .44 ስፔሻልን ይጎርሳል። .454 ካሱል .45 ኮልትን ይጎርሳል፤ በ2005 የወጣው .460 ደግሞ ሁለቱንም ይጎርሳል። የትልቁ ሽጉጥ ዋና በረከት ለእኔ ይህ ነው። ጥይቱ ከባድ፣ ዝግ ያለና ጨዋ፤ ሽጉጡ ደግሞ ግዙፍ ስለሆነ ርግጫውን ውጦ ያስቀረዋል። ቀዳዳው ግን ያው ሰፊ ቀዳዳ ነው። ዕዳው አንድ ብቻ ነው፤ አጭሩ ቀለህ በሚያልቅበት ላይ በከበሮው ቀዳዳዎች ውስጥ የቃጠሎ ቀለበት ይሠራል፤ ካልተጠረገ ረጅሙ ጥይት ኋላ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ብሩሽና አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ታዲያ ከአቅም በታች መተኮስን ለምን እሰብካለሁ? አብዛኞቻችን በትልቅ ሽጉጥ የምንስተው እጃችን ስለደከመ ሳይሆን ስለፈራ ነው። ላላመነኝ የምመክረው አሮጌ ፈተና አለ። ጓደኛህ ጀርባህን ሰጥተኸው ከበሮውን ይሙላልህ፤ ከስድስቱ ቤቶች በሁለቱ ወይም በሦስቱ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ይክተት፤ የትኛው የት እንዳለ አይንገርህ። አነጣጥረህ ምላጩን ሳብ። መዶሻው በባዶው ቀለህ ላይ ሲወድቅ ድምፅ የለም፣ ርግጫ የለም፤ አፈሙዙ ግን በአንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ሲሰግድ ታየዋለህ። ያ ስግደት ሙሉው ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ሁሉ ነበረ፤ ጩኸቱ ሸፍኖልህ እንጂ። አብዛኛው ርግጫ የሚመጣው ጥይቱ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ርግጫው ራሱ ያን ያህል አያስትህም። የሚያስትህ ትዝታው ነው። ትዝታው ደግሞ በሙሉ ኃይል በተተኮሰ ጥይት ሁሉ ይታደሳል፤ የሚደበዝዘው በብዙ መቶ ቀላል ጥይቶች ነው። እኔ ከመቶ ጥይቶች ዘጠናውን ስፔሻል፣ አሥሩን ብቻ ማግነም አደርጋለሁ፤ አሥሩንም የምተኩሰው በመጨረሻ ሳይሆን በመካከል ነው፤ ወደ ቤት የምመለሰው እጄ ጨዋውን ጥይት እያስታወሰ ነው።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ተሽከርካሪ ሽጉጥ አቻ የለውም። መዶሻው አስቀድሞ በአውራ ጣት ሲነሣ ምላጩ አጭርና ቀላል ይሆናል፤ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ድንገት ይሰበራል። ሳይነሣ በአንድ ጉተታ ሲተኮስ ግን አምስት ኪሎ ግራም አካባቢ ስበት ይጠይቃል፤ በዚያ ጉተታ ውስጥ ከበሮው ሲዞር፣ ሲቆለፍ፣ መዶሻው ወደ ኋላ ሲወጣ በጣት ይሰማል። ለደከመ አእምሮ እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ መካኒክ ትልቅ መድኃኒት ነው። ጸጥ ያለ ስል ከተኩሱ በፊት ማለቴ ነው፤ የእነዚህ ሽጉጦች ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ያልፋልና የጆሮ መከላከያ ሳይደረግ አንድም ጥይት አይተኮስም። ሌላው ጀማሪ የማያውቀው አደጋ ከከበሮውና ከአፈሙዙ መገናኛ የሚያመልጠው ጋዝ ነው። ግራ እጁን እንደ ጠመንጃ ወደ ፊት አሳልፎ የሚይዝ ሰው በ.460 ወይም በ.500 ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

ኃይል ጥቅም የለውም አላልሁም። በ1976 በአሜሪካ የተቋቋመው የብረት ቅርጽ ተኳሾች ማኅበር ባወጣው ውድድር፣ በ50 ሜትር ዶሮ፣ በ100 ሜትር አሳማ፣ በ150 ሜትር ተርኪ፣ በ200 ሜትር ቀንዳም በግ ተመስለው የተቆረጡ ወፋፍራም ብረቶች ይቆማሉ። መምታት ብቻውን ነጥብ አያሰጥም፤ ብረቱ መውደቅ አለበት። በ200 ሜትር ያን በግ ለመጣል ትንሽ ካሊበር አይበቃም። ውድድሩ ግን አርባ ጥይት ነው፤ አሸናፊው በአርባኛው ጥይት ላይ ዓይኑን የማይጨፍነው ሰው ነው። ሁለት ተኩሶ ሽጉጡን ለጓደኛ ማሳለፍ እዚያ የለም።

ወደ አደን ስንመጣ ደግሞ ትልቅ የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። .44 ማግነም ከሽጉጥ ሲተኮስ የሚሰጠው ጉልበት ከ1,200 እስከ 1,500 ጁል አካባቢ ነው፤ መቶ ዓመት ያለፈው የ.30-06 ጠመንጃ ጥይት ከዚያ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሰጣል። ከሽጉጥ ዓለም ግዙፍ የሚባለው በጠመንጃ ዓለም ትንሽ ነው። የሽጉጥ ጥይት የሚገድለው በፍጥነት ሳይሆን በክብደትና በጠፍጣፋ አፍንጫ ነው፤ 15 ግራም ተኩል የሚመዝን ጠንካራ እርሳስ ልብና ሳንባን በስቶ በሌላው ጎን ይወጣል። ልብና ሳንባ ከተሳተ ግን .500ም ቢሆን የሚያቆስል እንጂ የሚጥል አይደለም።

ስለዚህ በሽጉጥ የሚያድን ሰው ትልቁ መሣሪያው እግሩ ነው። ነፋሱን ይዞ፣ በደረቱ ተስቦ፣ አውሬው ጆሮውን ሲያንቀሳቅስ እስከሚያይ መቅረብ አለበት። እኔ የምከተለው መለኪያ ቀላል ነው፤ ተንበርክኬ ወይም ዛፍ ተደግፌ አምስቱንም ጥይቶች 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ማስቀመጥ የምችልበት ርቀት የአደኔ ድንበር ነው። ለእኔ ይህ 60 ሜትር ነው፤ በብርዳማ ጠዋት 50። ኪት ሌላ አዳኝ ያቆሰለውን አጋዘን በ600 ያርድ፣ ማለትም በ550 ሜትር ገደማ፣ በ.44 ማግነም እንደመታ ጽፏል። ታሪኩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ አምነዋለሁ፤ ቆስሎ የሚሸሸውን እንስሳ ለማስቆም ስለሆነ የሞከረውንም አልነቅፈውም። ያልቆሰለ እንስሳ ላይ ያን ለመድገም የሚመኝ ሰው ግን ጠመንጃ ይያዝ።

ስለ ስብስብ ብዙ አልልም፤ እዚያ ሁሉም የራሱ እብደት አለው። ከ1935 እስከ 1939 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን .357 ማግነሙን ለእያንዳንዱ ገዢ በትእዛዝ፣ በአፈሙዝ ርዝመት ሳይቀር አስመርጦ፣ ከምዝገባ ወረቀት ጋር ይሠራ ነበር፤ የመጀመሪያው ለአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ዳይሬክተር ለጄ. ኤድጋር ሁቨር ተሰጠ። እንዲህ ያለውን ሳጥን ውስጥ ቢያኖሩት አልፈርድም። የሚያሳዝነኝ ትናንት የተመረተ ሽጉጥ ገዝቶ "ዋጋው እንዳይወርድ" ብሎ ሳይተኩስ የሚያኖረው ሰው ነው። ሌላው ደግሞ በተኳሾች ዘንድ የታወቀ ቀልድ ሆኗል፤ በ1971 የወጣ አንድ የፖሊስ ፊልም .44 ማግነምን ዝነኛ ካደረገው በኋላ፣ በየመሣሪያ ሱቁ ያገለገለ ሽጉጥ ከስድስት ጥይት ብቻ ከጎደለው የጥይት ካርቶን ጋር ይሸጥ ነበር ይባላል።

ያገለገለ ሽጉጥ ስገዛ አስቀድሜ ባዶ መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ከዚያ መዶሻውን አንሥቼ ከበሮው በቦታው መቆለፉን፣ ወደ ጎን መወዛወዝ አለመወዛወዙን እፈትሻለሁ። ከአፈሙዙ መነሻ በላይ ባለው ድልድይ ላይ ትኩስ ጋዝ የቆረጠውን ጭረት በጥፍሬ እዳስሳለሁ፤ ጥልቅ ከሆነ ባለቤቱ ሽጉጡን ያለ ርኅራኄ ሲያስጮኸው ኖሯል ማለት ነው። ካለፉት ዓመታት በአንዱ የእጀታው እንጨት የደበዘዘ፣ ቀለሙ በማኅደር የተፋቀ አንድ አሮጌ .44 ማግነም አጋጠመኝ። ሻጩ ስለ መልኩ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጭረቱ በጥፍር የማይያዝ ነበር። ከበሮውን ከፍቼ ወደ ብርሃን አዞርሁት፤ በስድስቱም ቀዳዳዎች ውስጥ፣ ከማግነሙ ልክ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ክብ ጥቁር ቀለበት ነበር። ሳልከራከር ገዛሁት።