ማስተካከያ፦ "ማንኛውም ዲዲአር3 ራም ይሠራል" ያልኩት ስህተት ነው

ባለፈው አሮጌ ላፕቶፕ ስለማፍጠን ስጽፍ "ዲዲአር3 የሚል ራም ካገኛችሁ ገዝታችሁ ሰኩት፣ ይሠራል" ብዬ ነበር። (ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ ነው፤ ዲዲአር3 ደግሞ አንዱ የራም ትውልድ ነው።) ልክ አይደለም። እኔን አምናችሁ ገንዘብ ያወጣችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዲዲአር3 በዋናነት ሁለት ዓይነት አለው። መደበኛው በ1.5 ቮልት ይሠራል። ዲዲአር3ኤል የሚባለው ግን 1.35 ቮልት ይበቃዋል። የኢንቴል 4ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ኮር አይ3፣ አይ5 እና አይ7 ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች የሚፈልጉት ይህን ሁለተኛውን ነው። መደበኛውን ብትሰኩበት ስሎቱ (ራሙ የሚሰካበት ቦታ) አንድ ዓይነት ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል። ስታበሩት ግን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ሰው ያኔ "ማዘርቦርዱ ተቃጠለ" ብሎ ይደነግጣል። ብዙውን ጊዜ ምንም አልሆነም፤ የድሮውን ራም መልሱበትና ሞክሩት።

ስትገዙ ራሙ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አንብቡ። ፒሲ3ኤል (PC3L፣ ማለትም ዲዲአር3ኤል) የሚል ከሆነ ውሰዱት። ፒሲ3 ብቻ ከሆነ ተዉት። 2ኛ እና 3ኛ ጀነሬሽን ያላችሁ ብዙ አትጨነቁ። አብዛኛው ባለ ኤል ራም በ1.5 ቮልትም ስለሚሠራ፣ ከተጠራጠራችሁ እሱን ግዙ።

በዚያው ጽሑፍ "አንድ ባለ 16 ጂቢ ይበቃል" ያልኩትም እስከ 4ኛ ጀነሬሽን ድረስ አይሆንም። እነዚህ ማሽኖች በአንድ ስሎት የሚቀበሉት እስከ 8 ጂቢ ነው። 16 ለማድረስ ሁለት ባለ 8 ያስፈልጋል። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የታችኛውን ክዳን ከፍታችሁ ስሎቱ ስንት እንደሆነ እዩ።