እርማት፦ «ካሜራው የእኔ ነው፤ ካለፈቃዴ ማንም አያየውም» ለሚለው

ወንድሜ፣ «የደጃፌ ካሜራ የራሴ ንብረት ስለሆነ እኔ እሺ ካላልኩ ፖሊስ ቪዲዮውን ማየት አይችልም» ያልከውን አነበብኩ። አሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምናስበው፤ ግን ትክክል አይደለም።

ካሜራው ያንተ ነው። ቪዲዮው ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ካሜራውን የሠራው ኩባንያ ሰርቨር (የመረጃ ማከማቻ ኮምፒውተር) ላይ ነው። ስለዚህ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲይዝ ያንተን በር ማንኳኳት ላያስፈልገው ይችላል፤ በቀጥታ ኩባንያውን ይጠይቃል።

ትእዛዝ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። የደጃፍ ካሜራ የሚሠራው የሪንግ ኩባንያ ባለቤት አማዞን በ2022 እ.ኤ.አ. ለሴናተር ኤድ ማርኪ በሰጠው መልስ፣ በዚያ ዓመት እስከ ሐምሌ ድረስ 11 ጊዜ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ቪዲዮ ለፖሊስ መስጠቱን ገልጿል። ምክንያቱ «የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው» የሚል ነው። ሕይወት ማዳኑን አልቃወምም፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚወስነው ዳኛ ሳይሆን ኩባንያው መሆኑ ግን በጣም ያሳስበኛል።

ደግሞ ፖሊስ ብቻ አይደለም። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ሪንግ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ በሩን ክፍት ትቷል ብሎ ከሶት፣ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከቪዲዮዎቹ መካከል የመኝታ ቤት ጭምር ነበረበት።

ካሜራህ ሪንግ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ «ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ» የሚለውን ፈልግ። ራስህ ካላበራኸው አይሠራም፤ ሁሉም ሞዴልም የለውም። ሲበራ ግን ቪዲዮውን የሚከፍተው ያስመዘገብከው ስልክ ብቻ ነው። የልጆች ክፍል ውስጥ የተከልከው ካሜራ ካለ ግን እባክህ ዛሬውኑ ንቀለው።