የመጨረሻዋ መኪና ስንት ሰዓት ላይ ትመለሳለች?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወደ ሮብ ገበያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከፊቴ ጨው የተሞላ ከረጢት ያቀፉ እናት፣ ከጎኔ ቤተሰቡን ሊጠይቅ የሚወጣ አስተማሪ ተቀምጠው ነበር። ለመሄድ ያስቸገረኝ ነገር የለም። መኪናው ሲሞላ ወጣ፣ ረዳቱ ሒሳብ ሰበሰበ፣ እኔም ሮብ ገበያ ወርጄ ሽቅብ ወደ ጎጃሙ የጮቄ ተራራ ጉዞ ጀመርሁ። ገብሱ ወደ ቢጫ ይላል። ከፍ ሲሉ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ጅባራ የሚባለው ረጅም ተክል ጭጋግ ውስጥ ዘብ እንደቆመ ሰው ይታያል። ጫፉ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና አየሩ ይሳሳል፤ አሥር እርምጃ ተራምዶ መቆም ግድ ይላል። በቆምሁ ቁጥር የምሰማው የውኃ ድምፅ ነበር። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጀደብ የሚባሉት ወንዞች ሁሉ ከዚህ ተራራ ነው የሚነሡት፤ መድረሻቸውም ዓባይ ነው።

ችግሩ የመጣው ማታ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሮብ ገበያ ብመለስ አንድም መኪና የለም። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እኮ መኪና የለም» አለኝ አንድ ባለሱቅ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ጠዋት በተሳፈርሁበት መናኸሪያ ታሪፉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የመመለሻው ሰዓት ግን የትም አልተጻፈም። በመጨረሻ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብዬ ደጃቸው የቆምሁባቸው እናት እግሬን በሞቀ ውኃ አስታጥበው፣ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አቅርበው አሳደሩኝ። ጠዋት ገንዘብ ልሰጣቸው ብል ተቆጡኝ።

የእኚያን እናት ደግነት እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አልረሳውም። ነገር ግን አንድ አካባቢ እንግዳን ሁሉ በእንዲህ ያለ ደግነት ላይ ጥሎ «ኑና ጎብኙን» ማለት አይችልም። የጎጃም የእግር ጉዞ ትልቁ ጉድለት የመንገድ፣ የሎጅ ወይም የማስታወቂያ እጥረት አይደለም እላለሁ። ጉድለቱ ተጓዡ በምን ሰዓት፣ ከየት፣ በምን መኪና እንደሚመለስ አለማወቁ ነው።

የእግር መንገዱ ራሱ አለ። ጎጃም ውስጥ ገበያን ከገበያ፣ ደብርን ከደብር የሚያገናኝ የእግር መንገድ ያልነበረበት ዘመን የለም። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከዲማ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ፍለጋ የተመላለሰው በእነዚሁ መንገዶች ነው። ዛሬም ባለ አህያው ገበያተኛ የሚሄድባቸው እነሱ ናቸው። ማንም አዲስ መንገድ መቁረጥ አያስፈልገውም፤ ያሉት እንዳይታረሱና በባሕር ዛፍ እንዳይዘጉ መጠበቅ ይበቃል።

መኪናም አለ። ስለ ቱሪዝም በተነሣ ቁጥር ሁልጊዜ የምንሰማው ስለ ባለ ላንድክሩዘሩ እንግዳ ነው፤ ለእሱ መኪና ማቆሚያ፣ ለእሱ ሎጅ። ቅጥቅጥ ላይ ተሳፍሮ፣ ስንቁን በቦርሳ ይዞ የሚመጣውን የባሕር ዳር ተማሪ፣ የአዲስ አበባ ነርስ ወይም የደብረ ማርቆስ ወጣት የሚያስብለት አላየሁም። በዚያ ላይ በአውቶቡስ የመጣ ተጓዥ ባለመኪናው የሌለው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ባለመኪናው የቱንም ያህል ቢሄድ ዞሮ መኪናውን ወዳቆመበት መመለስ አለበት። የአውቶቡስ ተጓዥ ግን በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላ በኩል መውረድ ይችላል። ጮቄ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ከሮብ ገበያ የሚነሣው የመኪና መንገድ ተራራውን አቋርጦ ወደ ድጓ ጽዮንና ወደ ሞጣ ይወርዳል። ጠዋት በደብረ ማርቆስ በኩል ገብቶ፣ መሐሉን በእግር አቋርጦ፣ በማግስቱ በሞጣ በኩል መውጣት ማለት ከገብስ ማሳ እስከ ጅባራ፣ ከጅባራ እስከ ጤፍ አገር ድረስ ያለውን ሁሉ ማየት ነው። ይህን ጉዞ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም በዚያ ማዶ የምትጠብቀው መኪና መኖር አለመኖሯ ነው።

ምዕራቡን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ እንጅባራ ሳይደርሱ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ጉድጓድ የያዘው ውኃ ነው፤ ዙሪያውን ዛፍ ከቦታል። ከአስፋልቱ ያለው ርቀት በጣም አጭር በመሆኑ «ዘንገና ላይ ወራጅ አለ!» ማለት ብቻ ይበቃል። ሐይቁን በላይኛው ጠርዝ መዞር ልጅም ሽማግሌም የሚችለው ጉዞ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በጥር መጨረሻ ወደዚያ የሚሄድ ደግሞ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያገኛል። የዚያን ዕለት መኪናው ሁሉ ሙሉ ነውና ቀድሞ መግባት ነው።

ከቲሊሊ ተገንጥሎ ወደ ሰከላ የሚወጣው መንገድ ግሽ ዓባይ ያደርሳል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ያዩትና በአውሮፓ ብዙ የተወራለት ምንጭ እሱ ነው። ለእኛ ግን ጠበል ነው፤ ምዕመኑ በባዶ ሆዱ፣ ጫማውን አውልቆ ነው የሚቀርበው። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅና ማክበር አለበት። ከከተማዋ እስከ ምንጩ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም በአካባቢው ያሉት ኮረብቶች ሙሉ ቀን ቢሰጧቸው አይበዛባቸውም።

ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመኪናው ወርዶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ማየት ይቻላል። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ የሚሳሳ መሆኑን ሳያውቁ የሚሄዱ ብዙዎች አዝነው ይመለሳሉ። መስከረምና ጥቅምት ይሻላል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው የሰባራ ድልድይ መንገድ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ዳርቻ ሰዎች በገመድ እየተሳሳቡ ሲሻገሩ ኖሩ፤ ከዚህ የጎጃም ሰው ይስባል፣ ከዚያ የጎንደር ሰው ይስባል። በ2009 እ.ኤ.አ. በገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል፤ ሙቀቱም ከደጋ ለሚመጣ ሰው ከባድ ነው። ውኃ ሳይዙ መውረድ አደጋ ነው፤ በአንድ ቀን ወርዶ ሞጣ ለመመለስ ማሰብም ስህተት ነው። በአንጻሩ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ዋናውን አስፋልት በእግር መሞከርን አልመክርም፤ የከባድ መኪና መንገድ ነው። እዚያ የገደሉን ንብርብር፣ ከላይ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራውን፣ ከታች ቀዩን አሸዋማ ድንጋይ፣ ከአውቶቡስ መስኮት ማየት ይበቃል።

ስለ ሰላሙ መናገር አለብኝ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ይዘጋል፤ ተሳፋሪ ይጉላላል፤ ሰው ይሞታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማንንም ተነሥተህ ጮቄ ውጣ አልልም። «ሰው ለገበያና ለሕክምና መውጣት ባቃተው ጊዜ ስለ ሽርሽር ታወራለህ?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ፤ ንዴቱ ይገባኛል። የምጠይቀው ነገር ግን ለተጓዥ ብቻ የሚሆን አይደለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምትነሣ አንዲት መኪና ብትኖር መጀመሪያ የምትጠቅመው ድንቿን ሸጣ የዘገየችውን ገበሬ፣ ከጤና ጣቢያ ወጥተው መመለሻ ያጡትን አዛውንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል ጨርሶ ቤቱ መድረስ የሚፈልገውን አስተማሪ ነው። እኔ ከኋላ ወንበር ብቀመጥ ለእኔም ይበቃኛል።

በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን ኢኮቱሪዝም መንደር ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ዜናውን ስሰማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወዲያው ያሰብሁት ግን ያን ማታ ነው። ዓለም ያወቀው ተራራ እግር ሥር ካለችው ከተማ መኪና መቼ እንደሚነሣ የሚናገር አንዲት ሰሌዳ አልነበረችም።

ሥራው ትንሽ ነው። መኪኖችን ስምሪት የሚሰጡት ሰዎች የትኛው መኪና በየት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ በየዕለቱ ይመዘግባሉ። ያን መዝገብ አንድ ሰው በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከታሪፉ ጎን ይለጥፈው፤ የገበያ ቀኖቹንም ይጨምርበት፤ በገበያ ቀን መኪና ይበዛልና። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ለሮብ ገበያ፣ ለሰከላ፣ ለጢስ ዓባይ አንዳንድ መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንድትነሣ ስምሪት ይሰጣት። ባለንብረቱ ባዶ ወንበር ይዤ እመለሳለሁ ብሎ እንደሚፈራ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። ስለዚህ ተራ ሲደለደል ያቺን የማታ መኪና ያወጣ ሰው በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ተራ ያግኝ። የጠዋቱ ተራ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ሾፌር ሁሉ ያውቃል።

መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሮብ ገበያ ነው። ለእኚያ እናት ከደብረ ማርቆስ ቡናና ስኳር እወስዳለሁ፤ ገንዘብ እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ። ከመሳፈሬ በፊት ግን የመናኸሪያውን ግድግዳ አያለሁ።