የሳንታ ባርባራ ድንቢጥ፦ ጠፍታለች ወይስ አለች?

ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ራቅ ብላ ሳንታ ባርባራ የምትባል 2.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ደሴት አለች። እዚያ የነበረችው ዘማሪ ድንቢጥ እ.ኤ.አ. በ1890 ራሷን የቻለች ንዑስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት። በ1983 የአሜሪካ መንግሥት «ጠፍታለች» ብሎ ከጥበቃ መዝገቡ ሰረዛት። በ2009 ደግሞ ተመራማሪዎች የጎረቤት ደሴቶችን ድንቢጦች በዚያው ስም ሥር ጠቀለሏቸው። ስሟን የሚጋሩ ወፎች በሕይወት ካሉ ታዲያ ጠፍታለች ማለት ይቻላል? ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ።

ጠፍታለች የሚለው፦ እኔ የማየው ደሴቷን ነው። ገበሬዎች ገብተው ቁጥቋጦውን መነጠሩ። በጎችና ድመቶች ተከተሉ። በ1940ዎቹ ጥንቸል ተለቀቀና የተረፈውን ቅጠል ጋጠው። በ1959 እሳት ተነሳ። ይቺ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ከመሬት ብዙም በማይርቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ቁጥቋጦው ሲያልቅ እሷም አለቀች፤ ከ1960ዎቹ ወዲህ ያያት የለም። ይህን ሁሉ አድርገን ስናበቃ «ኧረ የስም ጉዳይ ነው፣ ወፏ እኮ አለች» ሲባል ያመኛል።

አለች የምትለው፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱን ማን ካደ? እኔ የምለው የጠፋው ምንድን ነው ነው። የዚህች ድንቢጥ ንዑስ ዝርያዎች በአንድ ወቅት ከ50 በላይ ነበሩ። ጀርባዋ ትንሽ ግራጫ ሆነ፣ ጅራቷ ትንሽ አጠረ እየተባለ ስም ሲወጣ ኖረ። እስቲ የሙዚየም መሳቢያ ሳብ አድርግ። ዓይናቸው ላይ ጥጥ የተደረገ ወፎች በጀርባቸው ተጋድመዋል፤ እግራቸው ላይ ወረቀት ታስሯል። ወረቀቱን ሸፍኜ «የሳንታ ባርባራዋን ከጎረቤት ደሴቷ ከሳንታ ክሩዟ ለይልኝ» ብልህ እርግጠኛ ሆነህ ትለያለህ? ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ልዩ ነበረች ካልን መዝገብ ዘግተን መሄድ ነው። ዘመዶቿ አሉ ካልን ግን ጥቂት ጥንዶች አምጥተን እንለቃለን። ጥንቸሎቹ እንደሆኑ ከ1981 ወዲህ የሉም።

ጠፍታለች የሚለው፦ በቀለሙ ልትረቺኝ ትችያለሽ። ዜማውስ? ዘማሪ ድንቢጥ ዜማውን ይዞ አይወለድም። ወንዱ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎረቤቶቹን እየሰማ ነው የሚማረው። አስቢው፣ በዚያች ጠባብ ደሴት ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዜማ ነበር። የመጨረሻው ወንድ ሲዘምር የሚሰማው ጫጩት አልነበረም። ያን ዜማ የሳንታ ክሩዝ ወፍ ከየት ያመጣዋል? ደግሞ ሳንታ ባርባራ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ምንጭ የለም። የእኛይቱ ድንቢጥ ያንን ችላ ነበር የኖረችው።

አለች የምትለው፦ ዜማው ላይ እውነትህን ነው፣ እሱስ አይመለስም። ቢሆንም ይምጡ እላለሁ። እዚያ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች እርስ በርስ እየተደማመጡ የራሳቸውን ይጀምራሉ።

ጠፍታለች የሚለው፦ ይምጡ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ብቻ መዝገቡ ላይ «ተመለሰች» ተብሎ እንዳይጻፍ። «ከሳንታ ክሩዝ የመጡ» ተብሎ ይጻፍ።