ስሙ የማይነገረን ድንች

በቤት ውስጥ ጥሩ የተፈጨ ድንች ለመሥራት ድንች፣ ቅቤ፣ ወተትና ጨው በቂ መሆን ነበረባቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ይህ ቀላል ምግብ የዕድል ጉዳይ ሆኖብናል፤ የምንገዛው ድንች ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግረን ሰው የለምና።

ጤፍ ስንሸምት ማኛ ነው ወይስ ሰርገኛ፣ ከየት የመጣ ነው ብለን ጠይቀን፣ በመዳፋችን ይዘን አይተን ነው የምናስለካው። ድንች ላይ ስንደርስ ግን ያለው ምርጫ ትልቅና ትንሽ ብቻ ነው። ዝርያውን የጠየቀ ሰው «የሻሸመኔ ነው፣ እህቴ፣ ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?» የሚል መልስ ያገኛል፤ እጁን ወደ ክምሩ ከሰደደ ደግሞ «መምረጥ አይቻልም» ይባላል። ሆኖም ዝርያዎቹ ስም አላቸው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 ጃለኔን፣ በ2006 ጉደኔን፣ በ2009 በለጠን ለገበሬው አውጥቷል። ገበሬው የተከለውን ለይቶ ያውቃል፤ ስሙ የሚጠፋው ከማሳው እስከ ጉልት ባለው መንገድ ላይ፣ የተለያየ ማሳ ምርት በአንድ ጆንያ ሲደባለቅ ነው።

የዚህ መደባለቅ ዕዳ የሚወድቀው ድስቱ ላይ ነው። ስታርች የሚባለው ዱቄታማ ነገር የበዛበት ደረቅ ድንች ሲበስል ይፈረካከሳል፣ ቅቤና ወተትም በደንብ ይቀበላል፤ ውኃ የበዛበት ድንች ግን ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ሁለቱ በአንድ ድስት ሲገቡ አንዱ ፈርሶ ውኃውን ሲጠጣ ሌላው መሐሉ ገና ድርቅ እንዳለ ነው፤ በሹካ ሲወጋ ዳር ዳሩ እሺ ይልና እምብርቱ ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል። እሱ እስኪበስል ቢጠበቅ የመጀመሪያው ይሟሟል፤ ባይጠበቅ ምግቡ ጓል በጓል ይሆናል።

በዚህ ላይ ከውጭ የተገለበጠው ምክር ይጨመርበታል። «15 ደቂቃ ቀቅሉ» የሚሉን ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላበትን የባሕር ጠረፍ ይዘው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ውኃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ድንቹም የግድ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ «ጓል እንዳይኖረው በብሌንደር ምቱት» የሚል ይመጣል፤ ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ምን ያህል ምግብ እንዳስበላሹ ቢያውቁ ደስ ይለኝ ነበር። የብሌንደር ምላጭ የድንቹን ሕዋሳት ቀዶ ስታርቹን ስለሚያወጣው የሚገኘው ነገር እንደ ሙጫ የሚሳብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቅቤም ወተትም አያድነውም። በእጅ መጨፍለቅ ይበቃል። ድንቹን በቀዝቃዛ ውኃ ጀምሮ መቀቀል፣ ውኃውን አጥልሎ ድስቱን ለጥቂት ጊዜ እሳት ላይ መልሶ እንፋሎቱን ማስወጣት፣ ቅቤውን አስቀድሞ ወተቱን ሞቅ አድርጎ መጨመር፤ በጾም ደግሞ ዘይትና ድንቹ የተቀቀለበት ውኃ። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሠራ ሰው በማያውቀው ድንች ምክንያት ሲከስር ነው አንጀት የሚያሳርረው።

ፀሐይ ላይ ውሎ አረንጓዴ የሆነውን ከሥር ደብቆ መሸጥማ ከጣዕም ያለፈ በደል ነው። አረንጓዴው ድንቹ ብርሃን እንዳገኘው ያሳያል፤ አብሮት የሚጨምረው ሶላኒን የተባለ መርዝ ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። ይህን ለሕፃን ፈጭታ የምታበላ እናት አለች።

ለጊዜው በቤታችን መለየት የምንችልበት መንገድ አለ፦ 1 ኩባያ ጨው በ11 ኩባያ ውኃ አሟሙቶ ድንቹን መጨመር፤ የሰመጠው ስታርች የበዛበት፣ ለመፍጨት የሚሆነው ነው፤ የተንሳፈፈው ለወጥ ይቀመጥ። ግን ይህን ሥራ ለምን ገዢው ይሠራል? ነጋዴዎች ሆይ፣ ጆንያውን ከጆንያ አትደባልቁብን፤ ከገበሬው የሰማችሁትን ስም በካርቶን ቁራጭ ጽፋችሁ ክምሩ ላይ አድርጉልን። ለሚፈረካከሰው በኪሎ ጭማሪ ብትጠይቁ እንኳ የምንከፍል አለን።